ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር ከመግዛት አስቀድሞ ዓይነቱን ለይቶ ስለ ማወቅ

የመንግሥት ገንዘብ ለመሣሪያ ከመውጣቱ በፊት፥ መሣሪያው የሚሠራውን ሥራ መመርመር የሹም ሁሉ ግዴታ ነው። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር ለገበያ የወጣው ኦስቦርን 1 የተባለው ተንቀሳቃሽ ኮምፒዩተር 11 ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር፤ ባትሪም አልነበረውም። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ተኩል ይመዝናሉ፤ ዓይነታቸውም በዝቷል። ፈረስ የሚገዛ ሰው ለግልቢያ ወይም ለጋሪ መኾኑን አስቀድሞ ይለያል፤ ኮምፒዩተርም እንዲሁ በመልኩ ሳይኾን በሥራው ይመረጣል።

ፊተኛው ዓይነት ላፕቶፕ ነው። የፊደል መምቻ ሰሌዳው ከመስተዋቱ ጋራ ተያይዞ እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል። ደብዳቤ ለሚጽፍና ሒሳብ ለሚይዝ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ የሚስማማው ይህ ነው። ሁለተኛው ታብሌት ነው። በጣት የሚነካ መስተዋት ብቻ ስለ ኾነ ይቀላል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ብዙዎቹም የቆሙበትን ስፍራ በሳተላይት ያመለክታሉ። ከማሳ ወደ ማሳ ለሚዞር የግብርና ሠራተኛ ይጠቅማል፤ ረጅም ጽሕፈት ግን ያደክምበታል። ሦስተኛው ሰሌዳው የሚነቀል ወይም ወደ ኋላ የሚታጠፍ ኾኖ ሁለቱን ያጣምራል። አራተኛው ክሮምቡክ ነው፤ አብዛኛውን ሥራ በኢንተርኔት ስለሚያከናውን መስመር በሚቋረጥበት ቀበሌ አይመከርም።

እንጅባራ ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ የምትገኝ፥ ክረምቷ ዝናብ የበዛበት ከተማ ናት። ስለዚህ ወደ ገጠር የሚወጣ መሣሪያ ውሃና አቧራ የሚከላከል ይኹን። አይፒ67 የሚል ደረጃ ያለው አቧራ አያስገባም፤ በ1 ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይም እንዲችል ተፈትኗል። ማከማቻውም የሚሽከረከር ዲስክ ሳይኾን ኤስኤስዲ ቢኾን የመንገድን ንቅናቄ ይችላል።

መብራት በሚጠፋበት አገር ባትሪውን ማስላት ይገባል። 50 ዋት-ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፥ በሰዓት 10 ዋት-ሰዓት ለሚፈጅ ማሽን 5 ሰዓት ይበቃዋል። ለደብዳቤና ለሒሳብ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ የመሬት ካርታ ለሚከፍት ግን 16 ቢኾን ይሻላል። ባለይዞታው ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ መጥቶ፥ ማሽኑ ካርታውን መክፈት ስላቃተው ባዶ እጁን ቢመለስ፥ በግዢው ከተረፈው ገንዘብ ጉዳቱ ይበልጣል።

ያገለገለ ዕቃ የሚገዛም ይጠንቀቅ። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ የጥበቃ ማሻሻያ በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ማሽኖችም ዊንዶውስ 11ን አይቀበሉም። ይህን ሳይጠይቁ በርካሽ መግዛት ዋጋን ሁለት ጊዜ መክፈል ነው።

እንግዲህ ጨረታ ከመውጣቱ በፊት፥ ማን እንደሚይዘው፥ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራበት በጽሑፍ ይወሰን። ዕቃው ሲመጣም ሣጥኑን ቈጥሮ መረከብ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ተከፍቶ፥ ከታዘዘው ጋራ ተመሳክሮ፥ የዋስትናው ወረቀት ከመዝገብ ሲገባ ርክክቡ ተፈጸመ ይባላል።