ከመስከረም እስከ ሰኔ፦ ስለ ጌዴኦ ልጆች ትምህርት የሚባለውና እውነቱ

መስከረም ሲጠባ በዲላ ገበያ ደብተርና እርሳስ ይሸመታል፤ በይርጋ ጨፌ፣ በወናጎ፣ በቡሌና በኮቸሬም ወላጅ የልጁን እጅ ይዞ ለምዝገባ ይሄዳል። ዓመቱ ግን በምዝገባ አያልቅም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለው ትልቁ ሥራ ልጁን አንብቦ የሚረዳ ማድረግ ነው። ማንበብ የቻለ ልጅ ሒሳቡንም ሳይንሱንም ይከተላል፤ ያልቻለው ክፍል ቢቀያይርም ትምህርቱ ያመልጠዋል። ይህን ሥራ የሚያደናቅፉ አባባሎች በየቤቱም በየትምህርት ቤቱም ይሰማሉ። ዋና ዋናዎቹን ከእውነታው ጋር እናስተያያቸው።

ተረት 1፦ «ጌዴኡፋን ከቤቱ ያውቀዋል፤ ትምህርት ቤት አማርኛና እንግሊዝኛ ይማር።»

እውነታ፦ ልጁ ከቤቱ ይዞ የመጣው የጌዴኦን ቋንቋ፣ ጌዴኡፋን፣ መናገሩን ነው፤ ማንበብ ሌላ ሙያ ነው። ጀማሪ አንባቢ ፊደሉን ከድምፁ እያገናኘ፣ ድምፆቹን እያገጣጠመ ቃል ላይ ይደርሳል። ቃሉ ከእናቱ አፍ የሰማው ከሆነ እዚያው ይገባዋል፤ የማያውቀው ከሆነ ግን ጮክ ብሎ ቢያነበንብም የጨበጠው ነገር የለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። ካትሊን ሂው፣ ካሮል ቤንሰን፣ ብርሃኑ ቦጋለና መኮንን ዓለሙ ገብረዮሐንስ ለትምህርት ሚኒስቴር ያካሄዱት የ1999 ዓ.ም. ጥናትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። በዲላ ከተማ አፉን በአማርኛ ለፈታ ልጅም ነገሩ ያው ነው፤ ንባብን መጀመር ያለበት በሚያውቀው ቋንቋ ነው።

ተረት 2፦ «ጌዴኡፋ በላቲን፣ አማርኛ በግዕዝ ፊደል ስለሚጻፍ ልጁ ግራ ይጋባል።»

እውነታ፦ ፊደል ድምፅን እንደሚወክል በአንዱ ቋንቋ የገባው ልጅ ሁለተኛውን ከዜሮ አይጀምርም። የሚያስፈልገው ልዩነቱ በግልጽ እንዲነገረው ነው። በላቲን ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋሉ፤ በአማርኛ ግን አንዱ ፊደል ሁለቱንም ይዞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ መልኩን ይለዋውጣል። መምህሩ ይህን አስረድቶ በቂ ልምምድ ከሰጠ ልጁ ሁለቱንም ይይዛል። በጌዴኡፋ የለመዳቸው ፊደላት፣ የድምፅ ልዩነት ቢኖርም፣ ለእንግሊዝኛም ስንቅ ይሆኑታል።

ተረት 3፦ «በቡና ለቀማ ጥቂት ሳምንት ቢቀር ምን ይጎድልበታል?»

እውነታ፦ በጌዴኦ ቀይ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ ይህም የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት እምብርት ነው። የ1ኛ ክፍል ልጆች ፊደል በፊደል ላይ እየጨመሩ ቃል መመሥረት የሚጀምሩት በእነዚሁ ሳምንታት ነው። ሦስት ሳምንት የቀረ ልጅ ሲመለስ ጓደኞቹ እርሱ ባላያቸው ፊደላት ቃል ሲያነቡ ያገኛቸዋል። ቡና የቤተሰቡ የዓመት ተስፋ ነውና የልጅ እጅ መፈለጉ አይገርምም። ቢሆንም ለቀማውን ከትምህርት ፈረቃው ውጪና ወደ ቅዳሜ ማዞር ይቻላል፤ የግድ ከቀረም ለመምህሩ ማሳወቅና ያመለጡትን ፊደላት ማስጠናት ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። ያኔ የባከነው ጊዜ በወላጅ እጅ አልነበረም፤ የለቀማው ሳምንት ግን በእጃችን ነው።

ተረት 4፦ «ክፍል ውስጥ መጫወት ጊዜ ማባከን ነው፤ የተማረ ልጅ ደብተሩ የሞላ ነው።»

እውነታ፦ ደብተር ሳያነቡም ከሰሌዳ በመገልበጥ ይሞላል። አንድ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ እንመልከት። መምህርቷ ለሁለት ለሁለት ልጅ አንድ አንድ እፍኝ የቡና ፍሬ ታድላለች። ልጆቹ አሥር አሥር እየቆጠሩ ይቆልላሉ፤ ሦስት ቁልል ይሆንና አራት ፍሬ ይተርፋል። 34 ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ከዚህ በኋላ ነው። «ስድስት ቀንሱ» ስትላቸው አራቱ ፍሬ አይበቃም፤ አንዱን ቁልል መበተን የግድ ይሆናል። አራቱ አሥራ አራት ይሆናሉ፣ ስድስቱ ሲነሱ ስምንት ይቀራል፣ ሁለቱ ቁልል እንዳሉ ናቸው፤ መልሱ 28 ነው። ልጁ «መበደር» የሚባለውን በቃሉ ከመያዙ በፊት በእጁ ሠርቶታል። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ ትምህርቱ ራሱ ነው።

ተረት 5፦ «ልጅ ካልተመታ አይማርም።»

እውነታ፦ የፈራ ልጅ ያልገባውን አይጠይቅም፤ እንዳይታወቅበትም ይደበቃል። በሕግም ቢሆን የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት አካላቸውን ከሚጎዳ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ዱላ ዝምታን ያመጣል፤ ንባብን አያመጣም።

ተረት 6፦ «ክፍል ካለፈ ተምሯል ማለት ነው።»

እውነታ፦ ልጆችን ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ሳይጥሉ የማዛወር አሠራር የመጣው ገና በጠዋቱ ተስፋ ቆርጠው እንዳያቋርጡ ነው። አብሮት የሚሄደው ተከታታይ ምዘና ነው፤ ምዘናው ሲረሳ ግን ካርድ ላይ የሚቀረው ማለፍ ብቻ ነው። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገሪቱ ቋንቋዎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ 48 በመቶው ስለ ታሪኩ ከተጠየቁት አንዱንም አልመለሱም። የጌዴኡፋ የቅርብ ዘመድ በሆነው በሲዳምኛ ደግሞ ከ10 የ2ኛ ክፍል ልጆች 7 ያህሉ አንድም ቃል አላነበቡም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር መሠረቱ ነው፤ በዚያው ቋንቋ ንባብ ማስተማር የሠለጠነ መምህርና ልጁ በእጁ የሚይዘው መጽሐፍ ካልታከሉበት ግን መሠረቱ ብቻውን ቤት አይሆንም።

ተረት 7፦ «እኔ አልተማርኩም፤ ልጄን ምን ላስጠናው እችላለሁ?»

እውነታ፦ ብዙ ይችላሉ። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንሰትን፣ ቡናንና ትልልቅ ዛፎችን አዋሕዶ በሚያለማው የገበሬ ዕውቀት ጭምር ነው። የእንሰት አምቾ ተቀብሮ ብዙ ችግኝ እንዴት እንደሚያወጣ ለልጁ ያሳየ አባት ዕፅዋት ያለ ዘር እንደሚራቡ አስተምሮታል።

ለንባብም ቢሆን ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ማታ ልጅዎን «የዛሬውን አንብብልኝ» ይበሉት፤ ሲጨርስ «ምን ይላል?» ብለው ይጠይቁት። ካነበበው ላይ የሚነግርዎ ነገር ከሌለው ገና አላነበበም። 2ኛ ክፍልን እያገባደደ አጭር ታሪክ አንብቦ መተረክ ካቃተው የሰኔን ካርድ አይጠብቁ፤ ነገ ጠዋት ሄደው መምህሩን ያነጋግሩ።