ጭረቱን ጥፍር ይለየዋል

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፋልት፣ ጫኖ ላይ ሙዝ የሚጭን አይሱዙ ዳር ይዞ ከቆመ፣ ከፊት የሚመጣው መኪና ወደ ጠርዙ ተጠግቶ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። ጠርዙ ላይ ደግሞ ግራር አለ። እሾሁ ከፊተኛው በር ጀምሮ እስከ ኋላ ይጭራል። ወደ አባያ ዳር እርሻ በሚያስገቡት ጠባብ መንገዶችም ያው ነው። እኔ መኪና የምቀባው እዚሁ ጫኖ ስለሆነ፣ ከሚመጣልኝ ጭረት ብዙው የግራር ሥራ ነው።

ባለመኪናው ገና ሲወርድ "ጋሼ፣ በሩን ሙሉውን ይቀቡልኝ" ይለኛል። እሺ ብል ይሻለኝ ነበር፤ ሙሉ በር ከአንድ ጭረት የበለጠ ይከፈልበታል። ግን የፋብሪካ ቀለም ያለ በቂ ምክንያት ሲገፈፍ ማየት አልወድም። ፋብሪካ ውስጥ ባዶው አካል ፀረ ዝገት ቀለም በሞላበት ገንዳ ይነከራል፤ ኤሌክትሪክ ቀለሙን እጅ ወደማይደርስበት ስርጓጉጥ ሁሉ ስቦ ያስገባዋል። ከዚያ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ይጋገራል። በላዩ መደቡ፣ መልኩን የሚሰጠው ቀለምና ክሊር የምንለው አንጸባራቂ ሽፋን ይረጫሉ፤ እንደገናም ይጋገራል። ጎማና ሽቦ፣ መሪና ወንበር የተገጠመለትን መኪና እንደዚያ መጋገር አይቻልም። ጋራዥ ውስጥ የምንረጨው ሃርድነር ተቀላቅሎበት የሚደርቅ ሌላ ቀለም ነው፤ ጥሩ ሆኖ ቢወጣም የፋብሪካውን አያህልም። በዚያ ላይ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወድዶታል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ዛሬ በእጃችን ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል ተብሎ ይጠበቅበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ይታጠብ። የመኪና ቀለም እንደ ሙዝ ግንድ በድርብ በድርብ ነው፤ ሁሉም ተደምሮ ግን ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አሥረኛ እጅ ብዙም አያልፍም። ክሊሩ ከዚያ ውስጥ ሲሦ ያህል ነው። ጭረቱን በውሃ አርጥቡት። ሲረጥብ ከጠፋ፣ ጥፍራችሁንም አቋርጣችሁ ስትጎትቱት ካልያዘ፣ ክሊሩ ላይ ያለ ነው፤ ቀለም አያስፈልገውም። ጥፍር ከያዘ ክሊሩን አልፏል ማለት ነው። በውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ከታየ መደቡ ላይ ደርሷል። የሚያብለጨልጭ ወይም ቡናማ ነገር ከታየ ብረት ነው፤ ያን አታሳድሩት።

ለመጀመሪያው ዓይነት የምሠራውን በአንድ ሰማያዊ መኪና ላይ ላሳይ። በውሃ የሚሠራውን 2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ጥቂት ሳሙና ባለበት ውሃ አርሼ፣ ለስላሳ ጎማ ላይ ጠቅልዬ፣ ጭረቱ ላይ ብቻ ሳልጫን እሄድበታለሁ። ዓይኔ የሚወርደው ውሃ ላይ ነው። ውሃው ወተት ከመሰለ የሚፋቀው ክሊሩ ነው፤ ልቀጥል እችላለሁ። ሰማያዊ ጠብታ ከታየ ያኔውኑ እጄን አነሣለሁ፤ ከዚያ በኋላ መርጨት እንጂ ማጽዳት የለም። ቦታው ፈዞ ይቀራል፤ ፖሊሹን በንጹሕ ጨርቅ ሳሸው አንጸባራቂነቱ ይመለሳል። የቆዩ ነጭ ቶዮታዎች ብዙዎቹ ክሊር ስለሌላቸው ውሃው መጀመሪያውኑ ነጭ ይወርዳል፤ እዚያ ላይ ጣት ብቻ ነው የሚመራኝ። የጥርስ ሳሙና ይጠቅማል ወይ ለሚሉኝ፣ ቀጭኑን ጭረት ትንሽ ያደበዝዛል፤ ለጥልቁ ምንም አይፈይድም።

መደቡ ከታየ በቀጭን ብሩሽ ጭረቱን ብቻ መሙላት ይበቃል። ብረት ላይ ከደረሰ ግን ዝገቱ እስኪያልቅ ይፋቃል፣ አንቲረስት ይቀባል፣ ከጎደጎደ ስቱኮ ይገባል፣ ተፈግፍጎ ይስተካከላል፣ ከዚያ ቀለሙና ክሊሩ ይከተላሉ። ዝገት ላይ ስቱኮ የሚለጥፍ ሠራተኛ ካያችሁ መኪናችሁን ውሰዱ፤ ዝገቱ ከሥር እየበላ ሄዶ ስቱኮውን አንሥቶ ይጥለዋል።

ቀለም ለማስመሰል የመኪናውን የቀለም ቁጥር ይዛችሁ ሂዱ። ቶዮታ ላይ "ሲ/ቲአር" ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ይገኛል፤ ለምሳሌ 040 በየመንገዱ የምናየው ነጭ ነው። ቁጥሩ ግን መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ቀለም ነው የሚናገረው። የአርባ ምንጭ ፀሐይ ያገረጣውን ለማግኘት ቁራጭ ላሜራ ላይ ረጭቼ፣ ሲደርቅ በሩ ላይ ደግፌ ደጅ አያለሁ። እርጥብ ቀለም ሲደርቅ መልኩን ስለሚለውጥ በእርጥቡ የሚወስን ቀቢ ይሳሳታል።

የምረጨው ጠዋት ነው፤ ጤዛው ከብረቱ ላይ ከለቀቀ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ያለው ነፋስ አቧራ ሳያነሣ። በቀትር ሙቀት ቀለሙን የምናቀጥንበት ዲልዌንት ቶሎ ይተንና ቀለሙ ሳይተኛ ይደርቃል፤ ላዩ ሸካራ ሆኖ ይቀራል። በሚያዝያና በግንቦት ዝናብ ደግሞ እርጥበቱ ክሊሩን ያደፈርሰዋል፤ ሥራው የማያስቸኩል ከሆነ ደንበኛዬን ቆይተህ ና እለዋለሁ።

ቀጫጭኖቹን ጭረቶች ግን የሚያመጣው አጣጠባችን ነው። ሐሬ ወንዝ ዳር አሸዋ የያዘ ስፖንጅ ይዞ ኮፈኑን ማሸት፣ አቧራ የለበሰውን በር በደረቅ ጨርቅ መወልወል፣ ልጆችም በአቧራው ላይ በጣታቸው ሲጽፉ ዝም ማለት፤ አቧራው ውስጥ አሸዋ አለ፤ በታሸ ቁጥር ክሊሩን ይቧጥጣል። መጀመሪያ ውሃ ብቻ አፍስሱበት፣ አቧራው ይውረድ፣ ጨርቁ ከዚያ ይምጣ።

አንድ ነገር ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ስለሚሠሩት ልጆች። ክሊር ውስጥ የምንጨምረው ሃርድነር አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት አለበት፤ ጭሱ ሳንባ ገብቶ ዕድሜ ልክ የማይለቅ አስም ሊያመጣ ይችላል። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ልጆች አፋቸውን በሻሽ ጠምጥመው ይረጫሉ። ሻሽ አቧራ ይይዝ እንደሆነ እንጂ ጭሱን አይይዝም። ቢያንስ ከሰል ማጣሪያ ያለው ማስክ ያስፈልጋል፤ ማጣሪያውም በየጊዜው ይቀየራል። እኔ ዘንድ ማስክ ያላጠለቀ ልጅ የቀለም መርጫ አይነካም። ማጣሪያ ካለቀ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ ባለቤቱ ቢቆጣም ይቆማል።