ከበሩ ወደ ቁልፉ ማሰብ

እንቆቅልሽ ሲባል ብዙውን ጊዜ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው በምሽት በቤተሰብ መካከል የሚካሄደው የቃል ጨዋታ ነው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ የጠፋበትም ሰው አገር ይሰጣል። በዚህ ጨዋታ የሚፈለገው መልስ ቃል ነው። መልሱ ቃል ሳይሆን ድርጊት የሆነበት እንቆቅልሽም አለ። ከቪዲዮ ጨዋታዎች መካከል አንዱ ዓይነት ተጫዋቹ በእርከኖች ላይ በመሄድ፣ በመዝለልና መሰላል በመውጣት የሚፈታው እንቆቅልሽ ነው። የዚህን ጨዋታ ምንነትና አፈታት በአንድ ምሳሌ እንመልከት።

በመጀመሪያ ስለ መሣሪያው ጥቂት እንበል። ጌም ቦይ የተባለውን በእጅ የሚያዝ መጫወቻ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ኩባንያ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። የሠራውም በጉንፔይ ዮኮይ ይመራ የነበረው የኩባንያው የሥራ ክፍል ነው። መሣሪያው በ4 የባትሪ ድንጋዮች ይሠራል። ስክሪኑ በወርዱ 160፣ በቁመቱ 144 ነጥቦች ያሉት ሲሆን፣ ነጥቦቹም ከፈዛዛ እስከ ጥቁር በአራት ደረጃ ብቻ ይለያያሉ። በዚያው ዘመን ባለቀለም ስክሪን ያላቸው ተወዳዳሪ መሣሪያዎች ወጥተው ነበር፤ ሆኖም ባትሪ ቶሎ ይጨርሱ ነበር። ዮኮይ ግን የተለመደና ርካሽ የሆነን የጥበብ ውጤት በአዲስ መንገድ መጠቀም እንደሚሻል ያምን ነበር። በእንዲህ ያለ ጠባብ ስክሪን ላይ ጨዋታን የሚያከብደው የሥዕል ብዛት ሳይሆን የነገሮች አቀማመጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ለዚህ መሣሪያ የወጣው ዶንኪ ኮንግ የተሰኘው ጨዋታ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ታሪኩ ቀላል ነው። ዶንኪ ኮንግ የተባለ ግዙፍ ጎሪላ ፖሊን የተባለችውን ሴት ጠልፎ ይወስዳል፤ ማሪዮም ሊያስለቅቃት ይከተለዋል። ጨዋታው 101 ደረጃዎች አሉት። የመጀመሪያዎቹ 4 ደረጃዎች ሺጌሩ ሚያሞቶ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1981 በሕዝብ መጫወቻ ቤቶች ከቀረበው የቀድሞው ዶንኪ ኮንግ የተወሰዱ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ በይበልጥ የሚያስፈልገው የእጅ ፍጥነት ነው። አራተኛው ሲጠናቀቅ ጨዋታው ያለቀ ይመስላል፤ ነገር ግን ጎሪላው ፖሊንን እንደገና ይዞ ያመልጣል፤ 97 አዳዲስ ደረጃዎችም ይከተላሉ። በአብዛኞቹ ውስጥ አንድ የተቆለፈ በር አለ፤ ቁልፉም በሌላ ስፍራ ተቀምጧል። የተጫዋቹ ተግባር ማሪዮን እየመራ ቁልፉን ከበሩ ዘንድ ማድረስ ነው።

ሥራው ቀላል መስሎ ቢታይም ሦስት ሕጎች ያከብዱታል። አንደኛ፣ ቁልፉ ከእጅ ወጥቶ ጥቂት ከቆየ ወደ ቀድሞ ስፍራው ይመለሳል። ሁለተኛ፣ ተጫዋቹ በመረጠው ቦታ የሚተክለው መሰላል ወይም የሚዘረጋው ድልድይ ለጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይጠፋል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ደረጃ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መጠናቀቅ አለበት። ስለዚህ ምን መደረግ እንዳለበት ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ የትኛው ከየትኛው መቅደም እንዳለበት ማወቅም ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ያህል የሚከተለውን ሁኔታ በሐሳባችሁ ሣሉ። በሩ ከላይ በስተቀኝ ይገኛል፤ ከፊቱም ሰፊ ገደል አለ። ድልድይ ለመዘርጋት የሚያስችለው ምልክት ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ቁልፉ ደግሞ ከታች በስተግራ ነው። ችኩል ተጫዋች በቅድሚያ ወደ ገደሉ ሮጦ ድልድዩን ይዘረጋል፤ ቀጥሎም ቁልፉን ለማምጣት ይወርዳል። ቁልፉን ተሸክሞ ሲመለስ ግን ድልድዩ ጠፍቶ ይጠብቀዋል።

አስተዋይ ተጫዋች ሐሳቡን የሚጀምረው ከበሩ ነው። «ወደ በሩ ከመድረሴ በፊት ምን መሆን አለበት?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል። ገደሉን መሻገር አለበት። ገደሉን ለመሻገር ድልድይ ያስፈልጋል። ድልድዩ ቶሎ የሚጠፋ ስለሆነ ከመዘርጋቱ በፊት ቁልፉ ከገደሉ አጠገብ መድረስ አለበት። እንግዲያው የመጀመሪያው ሥራ ቁልፉን ማምጣት ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይነት ሐሳቡ ከበሩ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ እግሩ ግን ከቁልፉ ወደ በሩ ይጓዛል።

ስሕተትም በዚህ ጨዋታ የራሱ ጥቅም አለው። ማሪዮ ከመጠን በላይ ከፍ ካለ ስፍራ ቢወድቅ ይሞታል፤ ተጫዋቹም ቀሪ ዕድል ካለው ያንኑ ደረጃ ከመጀመሪያው ይሞክራል። የእርከኖቹ፣ የቁልፉና የበሩ አቀማመጥ አይለወጥም። በመሆኑም ያልተሳካለት ሰው የተሳሳተበትን ቦታ ለይቶ ማወቅ ይችላል። ያንኑ መንገድ በበለጠ ፍጥነት የሚደጋግም ሰው ያንኑ ውድቀት ይደግማል፤ ከሥራው ቅደም ተከተል አንዱን ለውጦ ውጤቱን የሚመለከት ሰው ግን ከእያንዳንዱ ሙከራ አንድ ነገር ይማራል።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መዘንጋት የለበትም። በጨዋታው ውስጥ ያለው እንቆቅልሽ ሁሉ መፍትሔ እንዲኖረው ሆኖ በሰው የተዘጋጀ ነው። በኑሮ ግን በሩ የት እንዳለ የማይታወቅበት፣ ቁልፉም ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜ አለ፤ አንዳንድ ስሕተትም ሁለተኛ ሙከራ አይፈቅድም። ስለዚህ ከጨዋታው ሊወሰድ የሚገባው የጣት ቅልጥፍና ሳይሆን፣ ከመንቀሳቀስ በፊት መድረሻን አይቶ ቅደም ተከተልን የማውጣት ልማድ ነው። ይህን ልማድ ለማግኘት ቀኑን ሙሉ መጫወት አያስፈልግም። ጨዋታው የተጫዋቹን ጉዞ መዝግቦ ያቆያልና መሣሪያውን አጥፍቶ ወደ ጥናት መመለስ ይቻላል። ድርሰት ለመጻፍ የሚነሣ ተማሪም መደምደሚያውን አስቀድሞ ቢያስብ፣ የትኛው አንቀጽ ከየትኛው መቅደም እንዳለበት ይገለጥለታል።

ጥያቄዎች

1. ችኩሉ ተጫዋች ድልድዩን መዘርጋቱ ለምን አልጠቀመውም?
2. «ሐሳቡ ከበሩ ወደ ቁልፉ ይሄዳል፤ እግሩ ግን ከቁልፉ ወደ በሩ ይጓዛል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ አባባል አብራሩ።
3. የምታውቁትን አንድ ጨዋታ ወይም የቤት ሥራ መርጣችሁ፣ ቅደም ተከተሉ ቢዛባ ምን እንደሚበላሽ በሁለት አንቀጽ ግለጹ።