ሞተሩ ከመጫኑ በፊት፦ መከፈሉን የነገረን ማነው?

ሐዋሳ ያለ ሰው የሚሸጠውን ሞተር ሳይክል ፎቶ በቴሌግራም ይለጥፋል፤ ጂማ ወይም ደሴ ያለ ሰው አይቶ ይደውላል። በስልክ ይከራከራሉ፣ ዋጋ ይቆርጣሉ፣ ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ እንዲሄድ ይስማማሉ። እስከዚህ ድረስ ብዙም የሚያስቸግር ነገር የለም። ጭንቀቱ የሚጀምረው ገንዘቡ በምን ይላክ ሲባል ነው። አብዛኛው ሻጭ መልሱን የሚፈልገው ከመክፈያው ዓይነት ነው፤ ቴሌብር ይሻላል ወይስ ባንክ፣ ቼክ ወይስ ጥሬ ብር እያለ ያወጣል ያወርዳል። በእኔ እምነት ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ መከፈሉን የሚነግረኝ ማነው? ማስረጃው በገዢው እጅ በኩል የመጣ ከሆነ፣ የቱንም ያህል እውነት ቢመስል፣ ሻጩ ገና እንዳልተከፈለው መቁጠር አለበት። ሻጩ ራሱ ከራሱ ባንክ ጠይቆ ያገኘው ከሆነ ግን መክፈያው ምንም ይሁን ምን የስጋቱ አብዛኛው ክፍል ቀልሏል። አብዛኛው የማጭበርበሪያ ስልት ተፈልፍሎ ሲታይ ሻጩ ይህን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ እንዲያልፍ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው።

የስልክ መልእክትን እንውሰድ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረና የባንኮች የሞባይል አገልግሎት ከተስፋፋ ወዲህ ሰው መልእክት ሲመጣ «ገባ» ብሎ ማመን ለምዷል። አጭበርባሪም የሚነግደው በዚሁ ልማድ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ገንዘብ ሲገባ የሚልከውን መልእክት ልብ ብሎ ማንበብ ይጠቅማል። የባለሂሳቡ ስም፣ በከፊል በኮከብ የተሸፈነ የሂሳብ ቁጥር፣ የገባው መጠን፣ ኤፍ እና ቲ በሚሉ የላቲን ፊደላት የሚጀምር የማጣቀሻ ቁጥር፣ በመጨረሻም በሂሳቡ ያለው ጠቅላላ ቀሪ ይጻፍበታል። አስመስሎ የሚጽፍ ሰው ስሙንና የሂሳብ ቁጥሩን ከሻጩ ከራሱ ተቀብሏል፤ መጠኑን ተስማምተውበታል፤ ማጣቀሻውንም ፈጥሮ ይሞላዋል። የማያውቀው ቀሪውን ነው። ስለዚህ ወይ ይዘለዋል፣ ወይ ከእውነተኛው ሂሳብ ጋር የማይገጥም ቁጥር ያስቀምጣል። የላኪው ማንነትም ይናገራል፤ የቴሌብር መልእክት ከ127፣ የባንኩም በባንኩ ስም ነው የሚመጣው። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ተራ ስልክ «ሂሳብዎ ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ከደረሰ የጻፈው ባንክ አይደለም። ይሁን እንጂ እነዚህን ምልክቶች አውቆ መተማመንም አይበቃም። የላኪን ስም አስመስሎ መላክ ይቻላል፤ ነገ ደግሞ ከዛሬው የተሻለ አስመሳይ ይመጣል። የደረሰኝ ፎቶማ ጭራሽ የገዢው ቃል ነው፤ በስልክ ላይ በጥቂት ደቂቃ ሊቀናበር ይችላል። መልእክት ሲመጣ ሻጩ መተግበሪያውን ወይም *889# ወይም *127# ከፍቶ ቀሪውን ራሱ ይይ፤ ካልሆነለት ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ ያስጠይቅ። «በስህተት ትርፍ ልኬአለሁና ልዩነቱን ቶሎ መልስልኝ» የሚል ጥያቄ ከተከተለ ደግሞ ምንም ሳይመልስ መጀመሪያ ይህንኑ ያድርግ።

ቼክ ነገሩን ትንሽ ያወሳስበዋል። ስንቅ የሌለው፣ ሰዉ ደረቅ ቼክ የሚለውን መስጠት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 693 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ ብዙ ሻጭም «ሕግ አለ» ብሎ በዚህ ይጽናናል። ሕጉ ግን ጥፋተኛውን ይቀጣል እንጂ ሌላ ክልል የገባውን ሞተር በማግስቱ አይመልስም። የባንክ ማዘዣ የሆነው ሲፒኦ የተሻለ ነው፤ ምክንያቱም ገንዘቡ ከገዢው ሂሳብ ቀድሞ ተነሥቶ ባንኩ ራሱ የሚከፍለው ነው። ይህ የሚሠራው ግን ወረቀቱ እውነተኛ ሲሆን ብቻ ስለሆነ፣ ሻጩ በወረቀቱ ላይ ወደተጻፈው ስልክ ሳይሆን ራሱ ወዳገኘው የባንኩ ስልክ ደውሎ፣ ወይም ለራሱ ባንክ አስገብቶ ገንዘቡ እስኪሰበሰብ ጠብቆ ማረጋገጥ አለበት።

አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሞተር ሲሸጡ የሚገጥማቸው ደግሞ «የባንኬን ሂሳብ አየሁ» ማለት ራሱ የማይበቃበት ሁኔታ እንዳለ ያሳያል። እዚያ ካሺየርስ ቼክ የሚባለው ባንክ የሚያወጣው ቼክ አለ። የፌዴራሉ ሕግ ባንኮች ይህን ቼክ ባለሂሳቡ በአካል ሲያስገባ ገንዘቡን በተለምዶ በቀጣዩ የሥራ ቀን እንዲለቁለት ያስገድዳል። ሻጩ ማለዳ ተነሥቶ ሂሳቡን ሲያይ ዶላሩ አለ፤ ሞተሩን ያስረክባል። ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ ግን ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል፤ ያኔ ባንኩ ገንዘቡን መልሶ ይወስዳል፤ ያወጣውንም ሻጩ ይከፍላል። ስለዚህ ገንዘቡ በሂሳብ ውስጥ መታየቱና ለዘለቄታው መከፈሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቴክሳስ ላለ ገዢ ከሜሪላንድ ለሚሸጥ ሰው አስተማማኙ መንገድ ከባንክ ወደ ባንክ የሚላከው ዋየር ነው፤ አንዴ ከገባ ላኪው ሐሳቤን ቀየርኩ ብሎ ሊጠራው አይችልም። የአሜሪካ ፖስታ ቤት የገንዘብ ማዘዣ ፖስታ ቤት ሄዶ መመንዘር የሚቻል ቢሆንም አንዱ ከ1,000 ዶላር አይበልጥም። ፔይፓል ደግሞ ለሻጮች የሚሰጠው ጥበቃ ሞተር ሳይክልንና መኪናን አይጨምርም፤ ብዙዎች ይህን የሚያውቁት ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው። ገንዘቡን በመሃል ይዘው ሞተሩ ሲደርስ የሚለቁ ድርጅቶችም አሉ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል፦ የድርጅቱን አድራሻ የሰጠው ማነው? ገዢው የላከው ማስፈንጠሪያ ከሆነ፣ ድረ ገጹ የገዢው የራሱ ሥራ ሊሆን ይችላል።

ጥሬ ብር ከዚህ ሁሉ ይገላግላል የሚል አለ። ርቀት በሌለበት ሽያጭ እስማማለሁ። በሩቅ ሽያጭ ግን ጥሬ ብር ማለት አንድ ሰው ብዙ ገንዘብ ይዞ አውቶቡስ ላይ ያድራል ማለት ነው። ዋጋው 200,000 ብር ቢሆን፣ ከመስከረም 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ባለው የ200 ብር ኖት እንኳ አንድ ሺህ ኖት ይሆናል፤ መቶ መቶ የታሰረ አሥር እስር። ይህን በመንገድ ዳር ቆሞ መቁጠርም ሆነ ሐሰተኛውን ከእውነተኛው መለየት አይቻልም። ገዢው በአካል መጥቶ በጥሬው እከፍላለሁ ካለ ርክክቡ በሻጩ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ይሁን፤ ገንዘቡን ገንዘብ ያዡ በማሽን ቆጥሮ በቀጥታ ወደ ሻጩ ሂሳብ ያስገባው። ያኔ «ተከፍሏል» የሚለው ገዢው ሳይሆን ባንኩ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ገንዘቡ እውነተኛ ሆኖ ሻጩም ገዢውም የሚጎዱበት ስልት ነው። አጭበርባሪው የሻጩን ማስታወቂያ ገልብጦ በራሱ ስልክ፣ በቀነሰ ዋጋ መልሶ ያወጣዋል። እውነተኛ ገዢ ሲያገኝ ለሻጩ «ወንድሜ መጥቶ ያየዋል፣ ስለ ዋጋ አታንሣበት» ይላል፤ ለገዢውም «ሞተሩን የሚያሳይህ ሠራተኛዬ ነው፣ ብሩን ለእኔ ላክ» ይላል። ገዢው አይቶ ይወዳል፣ ይልካል፤ ከዚያ ሁለት ንጹሓን ሰዎች በአንድ ሞተር ፊት ቆመው ይካካዳሉ። ስልቱ ተገልብጦም ይሠራል፤ ገንዘቡ ከማይታወቅ ሦስተኛ ሰው ወደ ሻጩ ሂሳብ ይገባል፣ ሞተሩን አጭበርባሪው ይወስዳል፣ የተዘረፈው ሰው ሲያመለክት ፖሊስ የሚመጣው ሂሳቡ የተገኘበት ሻጭ ዘንድ ነው። መከላከያው ሁለት ነገር ነው። ገንዘቡ የወጣበትም የገባበትም ስም በውሉ ላይ ካለው ስምና ከመታወቂያው ጋር መግጠም አለበት፤ ሊያይ የመጣው ሰው ደግሞ ዋጋውን በአፉ ይናገር። ስለ ዋጋ አታውራ የሚል ደላላ ወይም «ወንድም» ካለ ሽያጩን ማቆም ነው።

ስለ ውሉ ጠበቅ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ። የሽያጭ ውል በውልና ማስረጃ ሲፈረም ብዙ ጊዜ «የሽያጩን ዋጋ ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይኖረዋል። ሻጩ ገንዘቡ «በመንገድ ላይ ነው» እየተባለ ይህን ከፈረመ በገዛ እጁ ደረሰኝ ሰጠ ማለት ነው። በሹም ፊት የተፈረመ ሰነድ በፍርድ ቤት ያለው ክብደት ትልቅ ስለሆነ፣ በኋላ «አልተከፈለኝም» ማለት እጅግ ከባድ ነው። እንግዲያው ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የሻጩ ሂሳብ፣ ከዚያ ፊርማ፣ ከዚያ ሊብሬ፣ ቁልፍና ሞተር ነው። ሊብሬውን አስቀድሞ በፖስታ መላክ፣ ወይም «ስሙን እኔ አዛውረዋለሁ» ላለ ሰው ውክልና ሰጥቶ መርሳት ሌላ ዕዳም ያመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 መሠረት ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ኃላፊው ባለቤቱ ነው፤ ሞተሩ በሻጩ ስም እያለ አደጋ ቢያደርስ ክሱ ወደ ሻጩ ሊመጣ ይችላል።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ ተቃውሞ ይነሣል፦ ገዢውስ? አይቶት ለማያውቀው ሞተር ከ500 ኪሎ ሜትር ርቀት ሙሉ ዋጋ ቀድሞ እንዲልክ መጠየቅ ሸክሙን ወደ እሱ ማሸጋገር አይደለም ወይ? ነው። ሻጩ ጥያቄውን ከናቀ ሐቀኛ ገዢ ይሸሻል። መልሱ ግን ሻጩ በእምነት ቀድሞ እንዲልክ ማድረግ ሳይሆን ገንዘቡና ሞተሩ በአንድ ሰዓት እንዲገናኙ ማድረግ ነው። ለዚህ ሕጋችን ጥሩ መሣሪያ አለው፤ ቀብድ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለውም ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ገዢው ቢያንስ የደርሶ መልስ ማጓጓዣውን የሚሸፍን ቀብድ በጽሑፍ ውል ይልካል። ሞተሩም ሻጩ በሚያምነው ሰው አጃቢነት ወደ ገዢው ከተማ ይሄዳል። ገዢው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ያመሳክራል፣ ነድቶ ይሞክራል፣ እዚያው ባንክ ገብቶ ቀሪውን ይልካል፤ ሻጩ ሐዋሳ ሆኖ ሂሳቡን ያያል፣ ለሰውዬው ደውሎ «አስረክብ» ይላል። ገዢው ያላየውን አልገዛም፣ ሻጩ ያላገኘውን አልሸጠም። እምነት የሚጣልበት አጃቢ ከሌለ ገዢው ራሱ ወይም በሰነድ የተረጋገጠ ውክልና ያለው ተወካዩ ወደ ሻጩ ከተማ ይምጣ፤ የአውቶቡስ ዋጋው ከሞተሩ ዋጋ አንጻር ትንሽ ነው።

«ይህ ሁሉ ሲባል ገዢው ሌላ ሞተር ያገኛል» የሚለው የደላሎች ክርክር ነው። ደላላ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም፤ ድርሻውን የሚያገኘው ሽያጩ ሲፈጸም ስለሆነ መቸኮሉ ሥራው ያመጣው ነው። ገንዘብ በእሱ ሂሳብ በኩል እንዲያልፍ ማድረግ ግን ለሻጩም ለገዢውም አይበጅም፤ ቢጠፋ ሁለቱም የሚጠይቁት ሰው የላቸውም። የሚያጣድፍ ገዢም ቢሆን፣ «መኪናው ሊነሣ ነው፣ ኔትወርክ የለም፣ ነገ ይገባልሃል» ማለት ከጀመረ ሻጩ የሚያጣው ነገር ካለ አንድ ቀን ነው። ሐቀኛ ገዢ ገንዘቡ መግባቱ እስኪታይ መጠበቅ አይከብደውም፤ በሻጩ ቦታ ቢሆን እሱም ያንኑ ያደርግ ነበርና።

ይህ ሁሉ ሳይሆን ቀርቶ ሞተሩ ከሄደ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ሐሰተኛ መልእክት ብቻ ከሆነ ባንክ የሚያግደው ገንዘብ የለም፤ ወዲያው የጭነት መኪናውን ሾፌር ደውሎ ማስቆም፣ በመቀጠል የሻንሲ ቁጥሩን፣ ታርጋውንና የገዢውን ስልክ ይዞ ፖሊስ ጣቢያ መሄድ ነው። ገንዘብ ለተሳሳተ ሰው ተልኮ ከሆነ ደግሞ ገዢው ከማጣቀሻ ቁጥሩ ጋር ወዲያው ለባንኩ ወይም ለቴሌብር ያመልክት፤ ተቀባዩ ካወጣው በኋላ የሚታገድ ነገር አይኖርም። መልእክቶቹንና የቴሌግራም ንግግሩን በንዴት ከስልክ ማጥፋት አያስፈልግም፤ መርማሪው መጀመሪያ የሚጠይቀው እነሱን ነው።