ሞልቶ የሚፈስ የውኃ ታንከር፤ ጥፋቱ ከወዴት ነው?

በጋምቤላ ከተማ በኒውላንድ ሰፈር የቧንቧ ውኃ ሁልጊዜ ስለማይገኝ፣ ዐቅም ያለው ቤተ ሰብ ሮቶ የሚባለውን የፕላስቲክ ታንከር በቆጥ ላይ ያቆማል። ከተመለከትናቸው ግቢዎች በአንዱ ግን ታንከሩ በትርፍ መውጫው ሲያፈስ ያድር ነበር። ሥሩ ጭቃ ሆነ፤ የቤቱ እመቤትም ኩሬው የወባ ትንኝ መራቢያ እንዳይሆን ይሠጉ ነበር። ጋምቤላ ወባ ያለበት ቆላ ነውና ሥጋታቸው ከንቱ አይደለም። የቧንቧ ሠራተኛ ተጠርቶ ተንሳፋፊውን ሁለት ጊዜ ለወጠ፤ ሁለት ጊዜም ተከፈለው፤ ውኃው ግን አልቆመም።

ተንሳፋፊው በክንድ ላይ የታሰረ ባዶ ኳስ ነው። ውኃው ከፍ ሲል ኳሱም አብሮ ከፍ ይላል፤ ያን ጊዜ ክንዱ የመግቢያውን አፍ በጎማ ይደፍነዋል። ኳሱ ተበስቶ ውኃ ከገባበት፣ ጎማው ካረጀ ወይም አሸዋ ከያዘው በደንብ አይዘጋም። ስለዚህ ሠራተኛው በመጀመሪያ ተንሳፋፊውን መጠርጠሩ ትክክል ነበር። ስሕተቱ ሁለተኛ ጊዜ መለወጡ ነው።

ከጎረቤቶች አንዳንዶቹ ምክንያቱ ሙቀት ነው ይሉ ነበር። ውኃ ሲሞቅ መስፋቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ከ25 ወደ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ በ1000 ሊትር ላይ የሚጨምረው 3 ሊትር ያኽል ብቻ ነው። ይልቁንም ታንከሩ የሚፈሰው በቀን ሐሩር ሳይሆን በሌሊት ነበር። ከትርፍ መውጫው ሥር 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ብናስቀምጥ በ10 ደቂቃ ሞላ። ይህ በ6 ሰዓት 720 ሊትር፣ ማለት 36 ጀሪካን ነው። ከባሮ ወንዝ ውኃ ተሸክሞ ለሚወጣ ሰው ይህ ምን ያኽል ድካም እንደ ሆነ አንባቢው ራሱ ይገምተው።

እመቤቲቱ ሌላም ነገር ነገሩን። ቀን የመንገዱ መሥመር ሲጠፋ፣ ማንም ሳይቀዳ ታንከሩ ይጎድላል አሉ። ሌሊት የሚተርፍ ታንከር ቀን እንዴት ይጎድላል? እኛም በመጀመሪያ ሁለቱን ነገር አላገናኘናቸውም።

በሌሊት ክዳኑን ከፍተን የተንሳፋፊውን ክንድ በሲባጎ ወደ ላይ አሰርነው። በባትሪ ብናይ ከመግቢያው አፍ አንዲት ጠብታ እንኳ አትወርድም፤ ውኃው ግን መፍሰሱን አልተወም። እንግዲህ ከላይ ካልገባ ከታች መግባቱ ነው። ከታንከሩ ሥር ያለውን የመውጫ መዝጊያ ብንዘጋው መፍሰሱ ወዲያው አቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቤት ከመንገድ በቀጥታ የሚመጣው ቧንቧና ከታንከሩ የሚወርደው ቧንቧ ተገናኝተው አንዱን የቤት መሥመር ይመግባሉ። በመካከላቸው ውኃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ አልተገባም። የ10 ሜትር ከፍታ ውኃ ወደ 1 አትሞስፌር ያኽል ግፊት አለው፤ ታንከሩ ያለው 4 ሜትር ላይ ስለ ሆነ ከ0.4 አትሞስፌር በላይ የሆነ የመንገድ ግፊት በመውጫው ሽቅብ ይሞላዋል። ሌሊት ሰው ሁሉ ቧንቧውን ሲዘጋ ግፊቱ ይጨምራል። ቀን መሥመሩ ባዶ ሲሆን ደግሞ የታንከሩ ውኃ ወደ መንገድ ይመለሳል፤ ንጹሕ ካልሆነም ለጎረቤት ይተርፋል።

በብርድ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። በእንግሊዝ አገር በቆዩ ቤቶች ጣራ ሥር የቤት ማሞቂያውን የሚመግብ ትንሽ ታንከር ይገኛል። በሙቅ ውኃው በርሜል ውስጥ ያለው ጥቅልል ቧንቧ ሲበሳ፣ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሌላ ታንከር በዚያ ቀዳዳ ይሞላውና ያፈሰዋል። እዚያም ተንሳፋፊ መለወጥ አይረዳም።

ለዚህ ግቢ የሚያስፈልገው ሁለት ቼክ ቫልቭ ነው፤ አንዱ በታንከሩ መውጫ፣ አንዱ ከመንገድ በቀጥታ በሚመጣው ቧንቧ ላይ። እስኪገዙ ድረስ ቤተ ሰቡ ማታ የታንከሩን መውጫ ይዘጋል፤ ቀን መሥመሩ ሲጠፋ ደግሞ በቆጣሪው አጠገብ ያለውን መዝጊያ ዘግቶ የታንከሩን ይከፍታል።