የብራዚል የነፃነት ቀን ወታደራዊ ሰልፍ እና ፖለቲካዊ ትርጉሙ

ብራዚል ከፖርቹጋል አገዛዝ የተላቀቀችበትን ዕለት በየዓመቱ ሴፕቴምበር 7 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጳጉሜን 2 ቀን፣ በዋና ከተማዋ ብራዚሊያ በሚካሄድ ወታደራዊ ሰልፍ ታከብራለች። እ.ኤ.አ በ2022 የተከበረው የ200ኛ ዓመት በዓል ግን በሰልፍ ብቻ አልተጠናቀቀም። ሰልፉ የተመራበት መንገድ ከአንድ ዓመት በላይ በፍርድ ቤት ሲያከራክር ቆይቶ የወቅቱ ፕሬዚዳንት ዣይር ቦልሶናሮ ለ8 ዓመታት በምርጫ እንዳይወዳደሩ ለተላለፈ ውሳኔ ምክንያት ሆኗል።

የክርክሩ ማዕከል በመንግሥት ሥራ ላይ ለተሰማራ ሁሉ ቅርብ የሆነ ጥያቄ ነበር። የጦር ኃይሉ በክብር መድረኩ ፊት ሲያልፍ ሰላምታ የሚያቀርበው ለሀገረ መንግሥቱ ነው ወይስ በወቅቱ ሥልጣን ላይ ለሚገኘው ግለሰብ? ሁለቱ የሚለዩበት መስመርስ የቱ ነው?

የብራዚል ነፃነት አመጣጥ ከሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች የተለየ ነው። የፖርቹጋል ንጉሣዊ ቤተሰብ የናፖሊዮንን ጦር በመሸሽ እ.ኤ.አ በ1808 ወደ ብራዚል ተሻገረ። ንጉሥ ዦዋው 6ኛ እ.ኤ.አ በ1821 ወደ ሊዝበን ሲመለሱ ልጃቸው ዶም ፔድሮ በብራዚል ቀሩ። ልዑሉ ከፖርቹጋል የመጣውን የተመለስ ትዕዛዝ ባለመቀበል ሴፕቴምበር 7 ቀን 1822 በሳኦ ፓውሎ በሚገኘው የኢፒራንጋ ወንዝ አጠገብ የአገሪቱን ነፃነት አወጁ። ፖርቹጋል ነፃነቱን የተቀበለችው ከሦስት ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ1825 በተፈረመ ስምምነት ነው።

ነፃነቱን ያወጀው የራሱ የገዢው ንጉሣዊ ቤተሰብ አባል በመሆኑ ዕለቱ ለማን መታሰቢያ እንደሆነ ሲያነጋግር ኖሯል። እ.ኤ.አ ከ1964 እስከ 1985 አገሪቱን የመራው ወታደራዊ አገዛዝ በበዓሉ በስፋት ተጠቅሞበታል። በፕሬዚዳንት ኤሚሊዮ ሜዲሲ ዘመን፣ እ.ኤ.አ በ1972፣ 150ኛው ዓመት ሲከበር የዶም ፔድሮ አፅም ከፖርቹጋል መጥቶ በአገሪቱ ግዛቶች ከተዘዋወረ በኋላ በኢፒራንጋ ሐውልት ሥር እንዲያርፍ ተደርጓል። ሥርዓቱ የተካሄደው የፖለቲካ ነፃነት በታፈነበትና ተቃዋሚዎች ይታሰሩና ይሰቃዩ በነበረበት ወቅት መሆኑ ይታወሳል። ሲቪል አስተዳደር ከተመለሰ በኋላም በቤተ ክርስቲያን ተቋማት አነሳሽነት እ.ኤ.አ በ1995 የተጀመረው “የተገለሉ ወገኖች ጩኸት” የተሰኘ የአደባባይ ሰልፍ በዚያው ዕለት የድሆችን ጥያቄ የማሰማት ልማድ ሆኗል።

የብራዚሊያው ሰልፍ የሚካሄደው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ግራና ቀኝ በተደረደሩበት ሰፊ ጎዳና ሲሆን፣ የጎዳናው ጫፍ የፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት፣ ምክር ቤቱ እና ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደሚገኙበት የሦስቱ የሥልጣን አካላት አደባባይ ያመራል። የሰልፉ አዛዥ ጄኔራል ሰልፉን ለመጀመር ፕሬዚዳንቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ፈቃዱ ሲሰጥ የምድር ጦር፣ የባሕር ኃይልና የአየር ኃይል ክፍሎች ያልፋሉ፤ የአየር ትርዒት ጓዱም በሰማይ ላይ ጭስ ይሥላል። ሥርዓቱ መሣሪያ የታጠቀው ኃይል በሕዝብ ለተመረጠ ሲቪል ባለሥልጣን የሚታዘዝ መሆኑን በአደባባይ የሚያረጋግጥ ነው። የምክር ቤቱና የፍርድ ቤቱ መሪዎች በክብር መድረኩ ላይ መገኘት ትርጉም የሚሰጠውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ትርጉም መናጋት የጀመረው ከ200ኛው ዓመት በዓል ቀደም ብሎ ነበር። ኦገስት 10 ቀን 2021 የባሕር ኃይል ታንኮችና ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች በፕሬዚዳንቱ ጽሕፈት ቤት ፊት አለፉ። ባሕር ኃይሉ ጉዳዩ ከዓመታዊ ልምምድ ጋር የተያያዘ መሆኑን ቢገልጽም፣ ዕለቱ የተወካዮች ምክር ቤት ቦልሶናሮ አጥብቀው በደገፉት የታተመ የድምፅ ወረቀት ማሻሻያ ላይ ድምፅ የሚሰጥበት ነበር። ማሻሻያው 308 ድምፅ የሚያስፈልገው ሲሆን 229 ብቻ አግኝቶ ወድቋል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 7 ቀን ፕሬዚዳንቱ ለደጋፊዎቻቸው ባሰሙት ንግግር የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ አሌክሳንድሬ ዴ ሞራይስ የሚሰጧቸውን ውሳኔዎች እንደማይቀበሉ ተናገሩ፤ ከሁለት ቀናት በኋላ ግን በጽሑፍ ባወጡት መግለጫ አቋማቸውን አለዝበዋል።

የ200ኛው ዓመት በዓል የተከበረው የምርጫ ቅስቀሳ በተጀመረ በአራተኛው ሳምንት፣ ድምፅ ሊሰጥ አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ቀርቶት ነበር። በፖርቱ ከተማ ተጠብቆ የኖረው የዶም ፔድሮ ልብ በአየር ኃይል አውሮፕላን መጥቶ በወታደራዊ ክብር አቀባበል ተደረገለት። በሰልፉ ዕለት የፖርቹጋሉ ፕሬዚዳንት ማርሴሎ ሬቤሎ ዴ ሶዛ በመድረኩ ላይ ሲገኙ፣ የሁለቱ ምክር ቤቶችና የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንቶች አልተገኙም። ከወታደሮቹ ጋር የግብርና ትራክተሮችም በሰልፉ አልፈዋል።

ሰልፉ እንዳበቃ ቦልሶናሮ በአቅራቢያው ወደቆመና የድምፅ ማጉያ ወደተጫነበት መኪና በማምራት ለተሰበሰቡት ደጋፊዎቻቸው የቅስቀሳ ንግግር አደረጉ። ከዚያም ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በረሩ። በሪዮ በዓሉ በከተማዋ መሐል ጎዳና መከበሩ ቀርቶ የመርከቦች፣ የፓራሹት ዘላዮችና የመድፍ ትርዒት በኮፓካባና የባሕር ዳርቻ ተዘጋጅቶ ነበር። የፕሬዚዳንቱ ደጋፊዎች የተጠሩትም ወደዚያው ሥፍራ ሲሆን፣ እርሳቸውም በዚያ ሁለተኛ ንግግር አሰምተዋል።

ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰዱት ዴሞክራሲያዊ የሠራተኞች ፓርቲ እና በምርጫው ለፕሬዚዳንትነት የተወዳደሩት ሴናተር ሶራያ ትሮኒኬ ናቸው። ተከላካይ ጠበቆች የቅስቀሳ ስብሰባዎቹ ከመንግሥቱ ሥነ ሥርዓት የተለዩ ዝግጅቶች መሆናቸውን ጠቅሰው ተከራክረዋል። የብራዚል የበላይ የምርጫ ፍርድ ቤት ግን ኦክቶበር 31 ቀን 2023 በ5 ለ2 ድምፅ በሰጠው ውሳኔ ክርክሩን ሳይቀበል ቀርቷል። ቦልሶናሮ እና በምክትልነት አብረዋቸው የተወዳደሩት ጄኔራል ዋልተር ብራጋ ኔቶ ከ2022 ምርጫ ጀምሮ በሚታሰብ ለ8 ዓመታት ከመወዳደር ታግደዋል። ቦልሶናሮ 425 ሺህ 640 ሬያል፣ ብራጋ ኔቶ ደግሞ የዚህን ግማሽ መቀጫ እንዲከፍሉ ተወስኗል። በቀድሞው ፕሬዚዳንት ላይ በሌላ ጉዳይ በጁን 2023 ተመሳሳይ እገዳ ተላልፎ ስለነበር የእገዳው ዘመን አልተደመረም።

ለውሳኔው መሠረት ከሆኑት አንዱ፣ የመንግሥት ሹማምንትና ሠራተኞች የሕዝብን ንብረትና አገልግሎት ለዕጩ ጥቅም እንዳያውሉ የሚከለክለው እ.ኤ.አ በ1997 የወጣው የምርጫ ሕግ ነው። ዕጩ የሆነ ፕሬዚዳንት በነፃነት ቀን ሰልፍ ላይ መገኘቱ ግዴታው እንጂ ጥፋቱ አይደለም። ጥፋት የሆነው በሕዝብ ገንዘብ የተዘጋጀውን ሰልፍ፣ የተሰበሰበውን ሕዝብና የጦር ኃይሉን ትርዒት ከቅስቀሳው ጋር በጊዜና በቦታ አያይዞ ተመልካቹ አንዱን ከሌላው እንዳይለይ ማድረጉ ነው።

መስመሩ መደብዘዙ ያስከተለው አደጋም ብዙ ሳይቆይ ታይቷል። ሉዊዝ ኢናሲዮ ሉላ ዳ ሲልቫ ኦክቶበር 30 ቀን 2022 በ50.9 በመቶ ድምፅ ማሸነፋቸውን ተከትሎ፣ ውጤቱን ያልተቀበሉ የቦልሶናሮ ደጋፊዎች በጦር ሰፈሮች ደጃፍ ሠፍረው ሠራዊቱ ጣልቃ እንዲገባ ጠየቁ። ጃንዋሪ 8 ቀን 2023 ደግሞ በዚያው የሰልፍ ጎዳና በማለፍ የሦስቱን የሥልጣን አካላት ሕንፃዎች ወርረዋል። ለዚህ ጥሪ ሲጠቀስ የነበረው ስለ ጦር ኃይሎች የሚደነግገው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 142 ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኤፕሪል 2024 በሙሉ ድምፅ በሰጠው ትርጓሜ አንቀጹ ሠራዊቱን ከሦስቱ አካላት በላይ ዳኛ የሚያደርግ ሥልጣን እንደማይሰጠው አስታውቋል።

የሉላ መንግሥት እ.ኤ.አ በ2023 ያዘጋጀው ሰልፍ “ዴሞክራሲ፣ ሉዓላዊነት እና አንድነት” በሚል መሪ ቃል የተከናወነ ሲሆን፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ሮዛ ዌበር በመድረኩ ተገኝተዋል። ከወታደራዊ ክፍሎች ጎን የክትባት፣ የሳይንስና የአማዞን ደን ጥበቃ መልእክቶችም ቀርበዋል። እ.ኤ.አ በ2025 አሜሪካ በብራዚል ምርቶች ላይ 50 በመቶ ቀረጥ በጣለች ማግስት የተካሄደው ሰልፍ ደግሞ ሉዓላዊነትን ዋና መልእክቱ አድርጓል። ከሰልፉ አራት ቀናት በኋላ ቦልሶናሮ በመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ጥፋተኛ ተብለው 27 ዓመት ከ3 ወር እስራት ተፈርዶባቸዋል።

እነዚህ ሰልፎችም ከፖለቲካ የራቁ አይደሉም። መሪ ቃሉን፣ የመድረኩን አቀማመጥና የሰልፉን ይዘት የሚወስነው በሥልጣን ላይ ያለው አስተዳደር በመሆኑ እያንዳንዱ መንግሥት በበዓሉ የራሱን ዓላማ ያስተላልፋል። የብራዚሉ ፍርድ ያመለከተው የገደቡን ቦታ ነው። የበዓሉን ጥሪ የሚጽፈው፣ መድረኩን የሚያዘጋጀው፣ በጀቱን የሚያጸድቀውና ተሽከርካሪውን የሚመድበው የመንግሥት ሠራተኛ የሚሠራው ለመላው ሕዝብ ነው። አገልግሎቱ ለአንድ ዕጩ ጥቅም በዋለ ጊዜ ሰልፉ የአገር በዓልነቱ ያበቃል፤ ተጠያቂነቱም ከመድረኩ እስከ ፍርድ ቤት ሊከተል ይችላል።