«ስኳርና ግፊት በዘራችን አለ»፦ ለልጆቻችን ምን ማለት ነው?



ከፈረስ መጋላ ተነስቶ በመኪና ግርግር፣ በልብስ ሰፊዎቹ መካከል አልፎ ወደ ጊዲር መጋላ የሚሄደው የሐረር ልጅ አያቶቹ በሄዱበት መንገድ ይሄዳል። የወረሰውም ዘር የእነሱኑ ነው። የተለወጠው በእጁ የያዘው ነው፤ ለስላሳ መጠጥ፣ የታሸገ ብስኩት፣ ስልክ።

«ስኳር በዘራችን አለ»፣ «ግፊቱ የአባቱ ነው» የሚለው ንግግር በየቤታችን የተለመደ ነው። እውነትነት አለው። ችግሩ ብዙ ጊዜ «ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል?» በሚል መቋጨቱ ነው። ቀደርን ማመን ከእምነታችን መሠረቶች አንዱ ነው፤ ተወኩል ግን ግመልን ካሰሩ በኋላ እንደሆነ ተምረናል። በዘር መኖሩን ማወቅ እጅ የሚያስይዝ ሳይሆን ልጁን ቀድሞ ለመጠበቅ የሚያነሳሳ ነገር ነው።

ልጁ የሚወርሰው ምንድን ነው?

ልጅ ከእናቱም ከአባቱም ዘረ መል (ጂን) ይወርሳል። ዓይነት 2 ስኳር፣ የደም ግፊትና ከመጠን ያለፈ ውፍረት በአብዛኛው ከአንድ ጂን አይመጡም፤ ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ ብዙ ጂኖች አሉባቸው። የሚወረሰውም በሽታው ራሱ ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው። በሌሎች አገሮች በተደረጉ ጥናቶች አንድ ወላጁ ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በዕድሜው ዘመን የመታመም ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለቱም ካለባቸው ወደ 70 በመቶ ይጠጋል።

ከውፍረት ጋር ከተያያዙት ጂኖች ይበልጥ የሚታወቀው በ2007 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ኤፍቲኦ ነው። የተጋላጭነቱን ቅጂ ከሁለቱም ወላጆች የወረሱ አዋቂዎች ካልወረሱት በአማካይ 3 ኪሎ ያህል ይከብዳሉ። ይህ ጂን በዋናነት የሚሠራው በምግብ ፍላጎት በኩል ነው፤ ልጁ ቶሎ አይጠግብም። ስለዚህ ወንድሙ «በቃኝ» ሲል እሱ ጨምሩልኝ ቢል ሆዳም ብሎ መስደብ ተገቢ አይደለም። መስተካከል ያለበት በቤቱ የሚቀርበው ምግብ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ከ200,000 በላይ አዋቂዎችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው ደግሞ የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ላይ የዚህ ጂን ተጽዕኖ በ27 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ቀጭን ልጅም ሊኖርበት ይችላል

ከአንድ ጂን የሚመጣ ችግርም አለ። በዘር የሚተላለፍ ከፍተኛ ኮሌስትሮል በዓለም ላይ ከ300 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል። አንድ ወላጅ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ 50 በመቶ ነው። ልጁ ቀጭን፣ ሯጭ፣ ጤነኛ መስሎ ደሙ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ከልጅነቱ ጀምሮ የልቡን ደም ሥሮች ሊያጠብ ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው።

ሁለቱም ወላጆች ካለባቸው ከአራት ልጆች አንዱ ከሁለቱም ወገን ሊወርስ ይችላል፤ ያ ልጅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው በልብ ሕመም ሊያዝ ይችላል። የአጎትና የአክስት ልጆች ጋብቻ በሸሪዓ የተፈቀደ ነው፤ በአፋር ወገኖቻችን ዘንድም «አብሱማ» በሚል ሥርዓት ይታወቃል። ሆኖም በቤተሰቡ ውስጥ እንዲህ ያለ ሕመም ካለ ሁለቱም ተጋቢዎች የመያዛቸው ዕድል ስለሚጨምር ከኒካሕ በፊት መመርመር ለሚወለዱት ልጆች ማሰብ ነው።

ከጂን ውጭ ያለው ድርሻ

የልጅ ጤና መሠረት ከማሕፀን ይጀምራል። በጅማ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕፃናት እንደተወለዱ የሰውነታቸው ስብና ሥጋ እየተለካ፣ አምስት ዓመት ሲሞላቸው ደማቸው ተመርምሯል። ጥናቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የነበረው የስብና የሥጋ እድገት በአምስት ዓመታቸው ከሚታዩ የልብና የስኳር ጤና ምልክቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። የእርጉዝ እናት አመጋገብና የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት የእናት ጡት ወተት የዚህ መሠረት አካል ናቸው።

ምን እናድርግ?

ውድ የጂን ምርመራ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። እስካሁን የተደረጉት የጂን ጥናቶች በአብዛኛው በአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ላይ ስለሆኑ ከእነሱ የተሰላው ግምት ለእኛ ልጆች በትክክል አይሠራም። ምንም የማያስከፍለው መረጃ ያለው በትልልቆቻችን ዘንድ ነው። በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድ ሲመጣ ዘመድ ከቅርብም ከሩቅም ይሰበሰባል። ያኔ እንጠይቅ፦ ስኳር ያለበት ማን ነው? ግፊትስ? ከወንዶቹ ከ55፣ ከሴቶቹ ከ65 ዓመት በፊት በልብ የታመመ ወይም በድንገት የሞተ አለ? መልሱን ጽፈን እናስቀምጥ።

ካለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ጁገል ወይም ወደ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ልጁን ስንወስድ ለሐኪሙ እንንገር፤ ግፊት፣ ስኳርና ኮሌስትሮል መለካት እንዳለበት እንጠይቅ።

በቤት ውስጥ ደግሞ አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ 30 ግራም ገደማ ስኳር እንዳለው እናስታውስ። ውኃ እንተካበት። ልጆች በቀን 60 ደቂቃ ይሩጡ፣ ይጫወቱ። ሆዳችንን ለምግብ፣ ለውኃና ለትንፋሽ እንድናካፍል የተማርነውንም በማዕዳችን ላይ እናሳያቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በድንገት ውኃ የሚያበዛ፣ ሽንት የሚመላልሰውና የሚከሳ ልጅ ዓይነት 1 ስኳር ሊሆንበት ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ። ዱዓውም ሩቃውም ከሕክምናው ጋር እንጂ በሕክምናው ምትክ አይደለም።

ልጆቻችን ከአላህ የተሰጡን አማና ናቸው። ዘራቸውን አንመርጥላቸውም፤ ማዕዳቸውንና ምርመራቸውን ግን እንመርጣለን።